አዲስ ስፖርት ሞተር ሳይክል፦ ከግዢው እስከ መጀመሪያው ክረምት

ይህ መመሪያ ገንዘቡን አጠራቅሞ አዲስ ስፖርት ሞተር ሳይክል ሊገዛ ለተነሳ፣ ወይም ገዝቶ ቤቱ በር ላይ ላቆመ ሰው ነው። ምሳሌዬ በአብዛኛው ካዋሳኪ ዜድ ኤክስ 6 አር ነው። አልፎ አልፎ ያማሃ አር 1ንም እጠራለሁ። ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የአካባቢያችሁን ሕግ አጣሩ፤ የቀረው እንዳለ ይሠራላችኋል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እነዚህ ማሽኖች ከመንገዱ በላይ ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡም ጊዜውም መውጣት ያለበት ለነጂው፣ ለጎማውና ለፍሬኑ ነው። ገና ሳይነዳ ማርሚታ ለማስቀየር የሚሮጥ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ ለእናንተ ነው ወይ?

ዜድ ኤክስ 6 አር 636 ሲሲ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዕቃ ሲያመላልስ የምናውቀው ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል አራት እጥፍ ማለት ነው። ጉልበቱ ግን አራት እጥፍ አይደለም፤ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። ወደ 130 ፈረስ ጉልበት አለው፣ ክብደቱ ደግሞ 200 ኪሎ ግራም ገደማ። አር 1 ጭራሽ 998 ሲሲ ሆኖ ወደ 200 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሁለቱም ዲሲን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ የቤልትዌይን (495)፣ 55 ማይል ገደብ በመጀመሪያ ማርሽ ብቻ አልፈውት ይሄዳሉ።

የአሜሪካ አውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከተመዘገቡት ሞተር ሳይክሎች ብዛት አንጻር ሲታይ፣ የሱፐር ስፖርት (የእነዚህ ዓይነት ማሽኖች) ነጂዎች የሞት መጠን ከተራዎቹና ከክሩዘር ነጂዎች አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ማስፈራሪያ አይደለም። ኢንሹራንሱ ለምን እንደሚወደድ ግን በአንድ መስመር ያስረዳል።

ሞተር ሳይክል ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ በዚህ አትጀምሩ። ያማሃ አር 3 ወይም ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ያገለገለ ግዙ፣ አንድ ሙሉ የመንጃ ወቅት ንዱት፣ ሽጡት። እነዚህ ትንንሾቹ ዋጋቸው ቶሎ አይወድቅም። «እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ችግሩ የእናንተ ጠባይ ብቻ አይደለም። ጉድጓድ ሲያናግጣችሁ ቀኝ እጃችሁ ሳታስቡት ጋዙን ትንሽ ይጠመዝዛል። ትንሹ ሞተር ሳይክል ያንን ስህተት ይቅር ይላል፤ ትልቁ አይልም።

መንጃ ፈቃዱ ላይ የኤም (የሞተር ሳይክል) ምድብ ያስፈልጋችኋል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የጀማሪዎችን ኮርስ ካለፋችሁ የመንዳት ፈተናውን መንጃ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ (ዲኤምቪ፣ በሜሪላንድ ኤምቪኤ) ሄዳችሁ መድገም የለባችሁም። ኮርሱ ላይ ትንሽ ሞተር ሳይክል እነሱ ይሰጧችኋል፤ ብትጥሉትም የእናንተ አይደለም። ጓደኛ ፓርኪንግ ውስጥ ያሳየኛል ብላችሁ አትለፉት። ሃሪ ሃርት የተባለ ተመራማሪ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 የሚሆኑ የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሮ በ1981 ውጤቱን አውጥቶ ነበር። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው መደበኛ ትምህርት ያልወሰዱ፣ ከራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ።

ደረጃ 2፦ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ

መደብሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። ማጓጓዣ፣ መገጣጠሚያ፣ የወረቀት ሥራ፣ ታክስና ታርጋ ይጨመሩበታል። ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ሁሉም ተጨምሮ ከበሩ ስወጣ ስንት ነው?» በጽሑፍ ይላኩላችሁ። ከሁለት ሦስት መደብር ይህን ቁጥር ካገኛችሁ በኋላ ነው ክርክሩ የሚጀመረው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብርዱ ገብቶ ገዢ ሲጠፋ፣ ሻጮች በደንብ ይለሳለሳሉ።

ዋጋውን ከመስማማታችሁ በፊት ኢንሹራንስ ጠይቁ። የሞዴሉን ሙሉ ስም ተናገሩ። «ካዋሳኪ 600» ብትሉ የሚሰጣችሁ ቁጥር ምናልባት ትክክል ላይሆን ይችላል። በብድር የምትገዙ ከሆነ ባንኩ ሙሉ ሽፋን ያስገድዳችኋል። ዕድሜው ከ25 በታች ለሆነ ሰው ወርኃዊ ኢንሹራንሱ ከብድሩ ክፍያ ሊበልጥ ይችላል። ኡበር እየነዱ ያጠራቀሙትን ቅድሚያ ከፍለው ከወር በኋላ በኢንሹራንስ የተያዙ ልጆች ጥቂት አይደሉም።

ዜድ ኤክስ 6 አር ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ) ያለውም የሌለውም ይሸጣል። ልዩነቱ 1,000 ዶላር ገደማ ነው። ያለውን ግዙ። ያው የኢንሹራንስ ተቋም ኤቢኤስ ያላቸው ሞተር ሳይክሎች በገዳይ አደጋ የመሳተፍ መጠናቸው 22 በመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን አስልቷል። ለማርሚታ የሚወጣው ገንዘብ ይህንን አይሰጣችሁም።

ደረጃ 3፦ ልብሱ ከማሽኑ ጋር እኩል ቀን ይገዛ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ሄልሜት ለሁሉም ነጂ ግዴታ ነው። ከኋላው ዲኦቲ (የአሜሪካው ደረጃ) የሚል ብቻ ሳይሆን ኢሲኢ 22.06 የሚል ምልክት ያለበት ብትመርጡ ጥሩ ነው፤ አዲሱ የአውሮፓ ደረጃ ነው፣ ፈተናውም ጠበቅ ያለ ነው። ሱቅ ውስጥ አድርጋችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ጉንጭን መጭመቅ አለበት፣ ግንባርን ግን መውጋት የለበትም። ያገለገለ ሄልሜት በምንም ዋጋ አትግዙ። ወድቆ እንደሆነ ከላይ አይታይም።

ጓንት እስከ አንጓ ድረስ የሚሸፍን፣ ጫማ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ጃኬትና ሱሪ ከቆዳ ወይም ለዚሁ ከተሠራ ጠንካራ ጨርቅ ይሁን። ጂንስ አስፋልት ላይ ወዲያው ይቀደዳል። አቅም ካላችሁ በአደጋ ጊዜ የሚነፋ የኤርባግ ቬስት ጨምሩ። ለዚህ ሁሉ ከ1,000 እስከ 1,500 ዶላር ከመነሻው ለይታችሁ አስቀምጡ። ነሐሴ ላይ የዲሲ ሙቀት ያስለቅሳል፣ አውቃለሁ። አየር የሚያስገባ የበጋ ጃኬት አለ፤ ቲሸርት አማራጭ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ርክክብ ቀን

መደብሩ ማሽኑን ከሳጥን አውጥቶ የገጣጠመው የሆነ ሥራ የበዛበት መካኒክ ነው። ደስታው ጠፍቶባችሁ ሳይሆን ይህን አስባችሁ በዝግታ እዩት፦

የጎማውን የምርት ቀን አንብቡ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2224 ካለ የ2024 ሃያ ሁለተኛ ሳምንት ማለት ነው። «አዲስ» የተባለ ማሽን መደብር ውስጥ ሁለት ዓመት የቆመ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ዋጋው ላይ ይነገር።

የጎማውን ነፋስ ራሳችሁ ለኩ። ለዜድ ኤክስ 6 አር ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ከፊት 36፣ ከኋላ 42 ፒኤስአይ ነው።

የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን ቁመት አስተካክሉ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስትይዙ ጣቶቻችሁ በቀጥታ መስመር ማረፍ አለባቸው። ወደ ላይ መንጋጠጥ የለባቸውም። ይህ የሁለት ቡሎን ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ዓመት ሙሉ አንጓውን እያመመው ይነዳል።

የዘይቱን መጠን በኢንጂኑ ጎን ባለችው መመልከቻ መስተዋት እዩ፣ መብራቶቹን ሁሉ ሞክሩ፣ ሁለቱንም ቁልፎች ተቀበሉ። የቁልፉን ኮድ የያዘች ትንሽ ብረት ካለች ቤት ደብቋት።

ከመደብሩ ስትወጡ ጎማው አዲስ መሆኑን አትርሱ። አዲስ ጎማ ገጹ ለስላሳ ነው፣ አስፋልቱን ገና አይነክስም። ብዙ አዲስ ማሽን የወደቀው ከመደብሩ ግቢ ሲወጣ፣ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው። የካዋሳኪ መመሪያ ለመጀመሪያዎቹ 100 ማይሎች ተጠንቀቁ ይላል። በየመታጠፊያው ትንሽ ትንሽ እያዘነበላችሁ ጎማውን ከመሃል ወደ ጫፍ አለማምዱት። በድንገት ጋዝም ፍሬንም አትስጡት። ዝናብ ካለ ርክክቡን ለሌላ ቀን ማድረግ ነው።

ደረጃ 5፦ ሮዳጅ

የምታገኙት ሰው ሁሉ ስለ ሮዳጅ (አዲስ ኢንጂን ስለማለማመድ) የራሱ ሃይማኖት አለው። አንዱ «ከመጀመሪያው ቀን ጨክነህ ንዳው» ይላል። ሌላው እንደ እንቁላል ተሸከመው ይላል። እኔ ፋብሪካውን አምናለሁ፤ ዋስትናውን የሚከፍለው እሱ ነውና።

ምን እየሆነ እንደሆነ ካወቃችሁ ትዕግሥቱ ይመጣል። የፒስተኑ ቀለበቶችና የሲሊንደሩ ግድግዳ ገና አልተላመዱም። ግድግዳው ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ጥቃቅን ጭረት አለ። ቀለበቱ በዚያ ላይ እየተመላለሰ ራሱን ያስማማል። የማርሽ ጥርሶችም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ የሚፋቀው ብናኝ ብረት ወደ ዘይቱ ይገባል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው የዘይትና የፊልትሮ ቅያሪ በ600 ማይል የሚመጣው፤ ቀጣዮቹ በጣም ይራራቃሉ። የመጀመሪያውን ግን አታዘግዩ። ደረሰኙንም አስቀምጡ።

ለዜድ ኤክስ 6 አር መመሪያው እስከ 500 ማይል በደቂቃ ከ4,000 ዙር፣ ከዚያ እስከ 1,000 ማይል ከ6,000 ዙር አትለፉ ይላል። ቀይ መስመሩ (የመጨረሻው የዙር ገደብ) ከ15,000 በላይ ለሆነ ኢንጂን ይህ ቀልድ ይመስላል። በተግባርም ትርጉም አለው፦ በ4,000 ዙር በስድስተኛ ማርሽ እንኳ የምትሄዱት 40 ማይል አካባቢ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው 500 ማይል 495 ላይ፣ ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋችሁ አይነዳም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ጓሮ መንገዶች፣ ፑልስቪል አካባቢ ያሉት እርሻዎች፣ ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። የሌላ ፋብሪካ ማሽን ካላችሁ የራሱን መመሪያ ተከተሉ፤ ቁጥሩ ይለያያል።

በሮዳጅ ጊዜ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ዙሩን ቀያይሩ። ለረጅም ሰዓት በአንድ ፍጥነት መሄድ ቀለበቱን አያላምደውም። ሁለተኛ፣ ኢንጂኑን ሳታሞቁ አትጫኑት፤ ቆሞ ደግሞ ብዙ አታጩኹት። ሦስተኛ፣ በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ጋዝ አትክፈቱ። ዙሩ ዝቅ ስላለ ብቻ ኢንጂኑ አልተጨነቀም ማለት አይደለም።

ፍሬኑም ሮዳጅ አለው። አዲሱ የፍሬን ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪጋባ ድረስ ባዶ መንገድ ላይ ከ40 ማይል ወደ 10 በመጠነኛ ኃይል ደጋግማችሁ አብርዱት፤ በየመሃሉ አየር እንዲያገኝ ትንሽ ንዱ። ሙሉ በሙሉ አቁማችሁ ትኩሱን ሸራ ዲስኩ ላይ ተጭናችሁ አትያዙት።

ነዳጁ ፕሪሚየም ነው። በታንክ ሦስትና አራት ዶላር ለመቆጠብ ተራውን አትቅዱ። ዘይቱ ደግሞ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ምልክት ያለው የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን። እነዚህ ማሽኖች ፍሪሲዮናቸው በዚያው በኢንጂኑ ዘይት ውስጥ ነው የሚሽከረከረው። ሰበቃን ለመቀነስ ማለስለሻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል።

ደረጃ 6፦ በየሳምንቱ፣ ጎማና ካቴና

ጎማ ቀላል ነው፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ሳትነዱት ለኩ። የኋላው ስፖርት ጎማ ከ3,000 እስከ 5,000 ማይል ቢያገለግላችሁ ነው። ከነመግጠሚያው ከ200 ዶላር በላይ ስለሚሆን በጀት ውስጥ ይግባ። ሁልጊዜ አውራ ጎዳና ላይ የምትመላለሱ ከሆነ መሃሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ያልቃል፤ ጫፉ አዲስ ስለሆነ አትታለሉ።

ካቴናው ግን እጅ ይፈልጋል። በየ500 ማይሉ፣ ዝናብ ከነካው ደግሞ ወዲያው፦

1. የኋላ ጎማውን በማቆሚያ ከመሬት አንሱ። ኢንጂኑን አጥፉ፣ ማርሹን ባዶ ላይ አድርጉ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ኢንጂኑ እየሠራ በሚሽከረከር ካቴና ላይ ጨርቅ የያዘ ሰው ጣት ያጣል። «ለአፍታ ነው» ብለው ጣታቸውን ያጡ ብዙ ናቸው።

2. በኬሮሲን ወይም በካቴና ማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። ቤንዚን አትጠቀሙ። የግፊት ውኃም አይሆንም። በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያሉትን ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ይጎዳቸዋል፤ ውስጥ ያለውን ቅባት የያዙት እነሱ ናቸው።

3. በጨርቅ አድርቁ። ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ከውስጥ በኩል ቅባቱን ንፉ። ይህን ከጉዞ መልስ፣ ካቴናው ሞቅ እንዳለ አድርጉት፣ አዳሩን ይረጋል። ጠዋት ከቀባችሁት ጎማውና ቸርኬው ላይ ይረጫል፤ የተቀባ ጎማ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

4. ልልነቱን ለኩ። ካቴናው በሚዞርባቸው በፊትና በኋላ ባሉት ባለጥርስ መዘውሮች መሃል ላይ ካቴናውን ወደ ላይና ወደ ታች ግፉና ስንት ሚሊሜትር እንደሚሄድ እዩ። ጎማውን እያዞራችሁ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ፤ የሚለካው እዚያ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ካቴናው አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።

5. ከላላ የጎማውን ማሰሪያ ዳዶ አላሉ፣ በግራና በቀኝ ያሉትን ማስተካከያዎች እኩል አዙሩ፣ ምልክቶቹ እኩል መቆማቸውን እዩ፣ መልሳችሁ በመመሪያው ኃይል አጥብቁ። የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ግዙ፣ ውድ አይደለም።

ብዙ ሰው ማጥበቅ ጥሩ ይመስለዋል። አይደለም። ከመጠን በላይ የጠበቀ ካቴና የጊርቦክሱን መውጫ ኩሽኔታ ይበላል፤ ያ ደግሞ ኢንጂን የሚያስከፍት ሥራ ነው። ከጠበቀ የላላ ይሻላል። ሁለቱም ባይሆኑ ደግሞ የበለጠ።

ደረጃ 7፦ ማሽኑን በራሳችሁ ክብደት ልክ አድርጉት

ፋብሪካው ሞላውን ያስተካከለው ለማያውቀው ሰው ነው። 60 ኪሎም 95 ኪሎም የሚመዝን ሰው ያንኑ ማሽን ይገዛል። ይህን ሥራ ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ሜትር ይዛችሁ በአንድ ሰዓት ትጨርሱታላችሁ። ጥቅሙ ከየትኛውም ተለጣፊ ዕቃ ይበልጣል።

የኋላውን ለመለካት ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሞላው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ አንድ የተወሰነ የጅራት ነጥብ ያለውን ርቀት ጻፉ። ከዚያ ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ፣ እንደምትነዱበት ጎንበስ ብላችሁ ተቀመጡ። አንዱ ከፊት ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁ፣ ሌላው ያንኑ ርቀት ይለካ። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ በግድግዳ ተደገፉ። ልዩነቱ ለመንገድ ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ከበለጠ የሞላውን ቅድመ ጭነት ጨምሩ፣ ካነሰ ቀንሱ። ለፊቱም እንዲሁ ነው። ሹካው ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠምጥማችሁ ምን ያህል እንደተገፋ ማንበብ ትችላላችሁ።

ቀጥለው ያሉት ጠቅ ጠቅ የሚሉት ማስተካከያዎች የመጨመቂያውንና የመመለሻውን ፍጥነት ይወስናሉ። የፋብሪካውን ቁጥር መጀመሪያ ጻፉ። ከዚያ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ በአንድ ወይም በሁለት ጠቅታ ቀይሩና ያንኑ መንገድ መልሳችሁ ንዱ። ሦስቱን አንድ ላይ ያዞረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

ደረጃ 8፦ መንዳቱ

የመንጃ ሞዶቹን አትናቋቸው። የዝናብ ሞድ ለዝናብ ብቻ አይደለም፤ ለመጀመሪያው ወርም ነው። ጉልበቱን ይቀንሳል፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን ያነቃል። መቆጣጠሪያውን አጥፍቶ መንዳት ጀግንነት የሚመስለው ሰው አለ። አር 1 ከ2015 ጀምሮ የማሽኑን ዘንበል በስድስት አቅጣጫ የሚለካ ዳሳሽ አለው። ይህ መሣሪያ ከእናንተ በፍጥነት ያስባል፤ ተዉት ይሥራ።

ፍሬን የማቆም ጥበብ ነው፣ ከጋዙ ይልቅ እሱን ተለማመዱ። የማቆሚያው ኃይል አብዛኛው ከፊት ነው። ነገር ግን መጀመሪያ በቀስታ ያዙት፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣና ጎማው አስፋልቱን ሲይዝ ጨምቁት። በድንገት መንጠቅ የለም። እሑድ ጠዋት ባዶ የትምህርት ቤት ወይም የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ፈልጋችሁ ከ30 ማይል፣ ከዚያ ከ40 ማይል ፍጥነት ማቆምን ተለማመዱ። ኤቢኤሱ ሲሠራ እጅ ላይ ምን እንደሚሰማ እዚያ እወቁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከአውቶቡስ ኋላ ካወቃችሁት ትደነግጣላችሁ።

መታጠፊያ ውስጥ ዓይናችሁ መውጫው ላይ ይሁን። ሰው የሚያየው ቦታ ይሄዳል። ምሰሶውን ካያችሁ ምሰሶው ጋ ናችሁ። ፍጥነቱን ከመግባታችሁ በፊት ቀንሱ፣ ከገባችሁ በኋላ ጋዙን በቀስታ ያዙ። በጣም ፈጥናችሁ ገብታችሁ ከሆነ በአብዛኛው መፍትሔው ማሽኑን ትንሽ ጨምሮ ማዘንበል ነው። ማሽኑ ይችላል። ተስፋ የሚቆርጠው ሰውዬው ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ፍጥነት ሳይሆን ከፊት መጥታ ወደ ግራ የምትታጠፈው መኪና ናት። ሃርት ያጠናቸው ከሌላ መኪና ጋር የተደረጉ ግጭቶች ውስጥ በሁለት ሦስተኛው ጥፋቱ ቅድሚያ የከለከለው ባለመኪና ነበር። «አላየሁትም» ነው መልሱ። ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ስትደርሱ ጋዝ ልቀቁ፣ ሁለት ጣት ፍሬን ላይ ይሁን፣ የሹፌሩን ዓይን ሳይሆን የፊት ጎማውን እዩ። ዓይኑ ይዋሻል፤ ጎማው ግን መዞር ከጀመረ ሊመጣ ነው።

ለመዝናናት ስካይላይን ድራይቭ ቅርብ ነው። 105 ማይል ተራራ ለተራራ ይሄዳል። ገደቡ ግን 35 ማይል ነው፣ ጠባቂዎቹም ቀልድ አያውቁም። አጋዘን በየመታጠፊያው ይቆማል፣ በተለይ ማለዳና ሲመሽ። አንድ ካያችሁ ሁለተኛ አለ።

ደረጃ 9፦ ሕጉ፣ በተለይ ቨርጂኒያ

ይህን ክፍል መንጃ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ወረቀታቸው ገና በሂደት ላይ ላለ ሁሉ አጥብቄ እናገራለሁ። በቨርጂኒያ ከ85 ማይል በላይ፣ ወይም ከገደቡ 20 ማይልና ከዚያ በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም። ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያስከትላል፣ መዝገብ ላይም ይቀመጣል። በእነዚህ ማሽኖች 85 ማይል ሁለተኛ ማርሽ ነው። ጨዋ ፍጥነት የመሰላችሁ ነገር ፍርድ ቤት ያቆማችኋል። ራዳር ጠቋሚ መሣሪያም እዚያ ክልክል ነው። ከተያዛችሁ ቅጣቱን በፖስታ ከፍላችሁ አትገላገሉ፤ ጠበቃ ያዙ። ወረቀታችሁ በሂደት ላይ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አማክሩ።

በመኪኖች መሃል ሰንጥቆ መሄድ ካሊፎርኒያ ከ2017 ጀምሮ በሕግ የተፈቀደ ነው። በቪዲዮ ያያችሁት እሱን ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ አይቻልም።

ደረጃ 10፦ ሌባ

ስፖርት ሞተር ሳይክል በጉልበት ተነስቶ ቫን ውስጥ ይገባል። ሁለት ጎረምሳ ይበቃል። የአፓርታማ ፓርኪንግ ውስጥ የመሪ ቁልፍ ብቻውን ምንም አይደለም። ወፍራም ሰንሰለት በኋላ ጎማው በኩል አሳልፋችሁ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰሩት። በዚያ ላይ የፍሬን ዲስክ ቁልፍ ጨምሩ፤ ከመሪው ጋር የምታስታውስ ደማቅ ገመድ አብራ ትታሰር፣ አለበለዚያ ረስታችሁ ስትነሱ ትወድቃላችሁ። ሽፋን አልብሱት። ያላየውን ሌባ አይመኘውም። የት እንደምታቆሙ የሚያሳይ ፎቶም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትልቀቁ።

አንዳንዱ «ወደ አዲስ አበባ ልላከው?» ብሎ ይጠይቃል። ሆዱ ከመሬት 13 ሳንቲሜትር ነው፣ የአዲስ አበባን የፍጥነት ማብረጃ አስቡት። ከተማዋም ከ2019 ጀምሮ ፈቃድ ለሌለው ሞተር ሳይክል ዝግ ናት። እዚሁ ሽጡት።

ደረጃ 11፦ ትራክ፣ ከዚያ ክረምት

ሮዳጁ ካለቀና 600 ማይሉ ሰርቪስ ከተደረገ በኋላ ፍጥነቱን ማየት ከፈለጋችሁ ቦታው ትራክ ነው። ከዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ርቀት ላይ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሰሚት ፖይንት አለ። ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ራቅ ይላል፤ ግን በ1957 የተከፈተ፣ 3.27 ማይል የሆነ ቆንጆ ትራክ ነው። ለጀማሪ ቡድን ተመዝገቡ፤ አሠልጣኝ ይመደብላችኋል። ሙሉ የቆዳ ልብስ ይጠይቃሉ፣ መስተዋትና መብራት በቴፕ ይሸፈናል። የመንገድ ኢንሹራንሳችሁ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ውሉን አንብቡ። አንድ ቀን ትራክ ላይ ከአሠልጣኝ ጋር መዋል ከብዙ ወር የመንገድ መንዳት የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

አየሩ ቀዝቅዞ መንገዱ ላይ ጨው ሲበተን ማሽኑን አስቀምጡት። ጨው ብረት ይበላል፣ ቀዝቃዛ ስፖርት ጎማም እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። እጠቡት፣ አድርቁት፣ ካቴናውን ቀቡት። ታንኩን ሙሉ፣ የነዳጅ ማቆያ ጨምሩ፣ ማቆያው እስከ ውስጥ እንዲደርስ ጥቂት ደቂቃ አስነሱት። ዘይቱን ከመቆሙ በፊት ቀይሩ፤ የቆሸሸ ዘይት ውስጥ ክረምቱን አይቆይ። ባትሪውን ራሱ በሚያጠፋና በሚያበራ አነስተኛ ቻርጀር ላይ ሰኩት። የኤሌክትሪክ ሶኬት የሌለበት ፓርኪንግ ከሆነ ባትሪውን ፈትታችሁ ቤት አስገቡት። «ባትሪው እንዳይሞት» ብሎ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ማስነሳት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ኢንጂኑ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ ውስጡም ውኃ ይጠራቀማል።

መጋቢት ላይ ስታወጡት ነፋሱን ሙሉ፣ ፍሬኑን ሞክሩ፣ አይጥ የአየር ፊልትሮው ውስጥ ጎጆ አለመሥራቷን እዩ። የፍሬን ፈሳሹን በየሁለት ዓመቱ፣ የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ በየሦስት ዓመቱ መቀየር በስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የቫልቭ ክፍተት ምርመራ ለያማሃ አር 1 በ26,600 ማይል ነው የሚመጣው፤ ለካዋሳኪው ከዚያ ቀደም ይላል፣ ውድ ሰርቪስም ስለሆነ ከወዲሁ እየቆጠባችሁ ቆዩ።